ደሴት ሲናወጥ

ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። በጣና ሐይቅ ውስጥ ደሴቶች አሉ። በዝዋይ ሐይቅም አሉ። በእነዚህ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ገበያ ለመውጣት፣ እህል ለማስፈጨት፣ በሽተኛ ለማድረስ በታንኳ ወይም በጀልባ ይሻገራሉ። ዛሬ የምናነበው ግን በውቅያኖስ መካከል ስላሉ ደሴቶች ነው። ውቅያኖስ ማለት ማዶው የማይታይ፣ ውሃው ጨው ስለሆነ የማይጠጣ፣ እጅግ ሰፊ ባሕር ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን የምንጽፈው ተማሪዎችም ውቅያኖስን በዓይናችን አላየንም። ያወቅነው ከመጽሐፍ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ማታ በንባብ ሰዓት «ባሕሩ መጥቶ ከተማውን ወሰደው» ብለን ስናነብ፣ አንድ አባት እጃቸውን አንሥተው «ባሕር መጣ ስትሉ፣ ውሃ እግር አለው እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም ሳቅን። እርሳቸውም ሳቁ። በኋላ መልሱን ለመስጠት ስንሞክር ግን ጥያቄው የሚያስቅ እንዳልሆነ ገባን። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ጥያቄ ነው።

የደሴትን ኑሮ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በክረምት ወንዝ ሞልቶ መሻገሪያ ያጣ ቀበሌ ያውቀዋል። ጨው ያልቃል። ምጥ የያዛት ሴት ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ አትደርስም። የታመመው ሰው «ወንዙ ይጉደል» እየተባለ ይጠበቃል። ደሴት ማለት እንግዲህ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ የማይጎድልለት ቀበሌ ነው እንበል።

ሰዎች ተሰብስበው ሲኖሩ የግድ የሚያስፈልጓቸው ነገሮች አሉ። የሚጠጣ ውሃ፣ መንገድ፣ ድልድይ፣ መብራት፣ ስልክ፣ ጤና ጣቢያ። እነዚህን በመጽሐፍ ቋንቋ መሠረተ ልማት ይሏቸዋል። በደሴት ላይ ደግሞ ከሁሉም በፊት ወደብ አለ። ወደብ ማለት መርከብ ተጠግቶ ሰውና ጭነት የሚያወርድበት የባሕር በር ነው። የእኛ ገበሬ አንዱ መንገድ ቢዘጋበት በቅሎውን ጭኖ በሌላ ዞሮ ይሄዳል። በባሕር ላይ በቅሎ አይሄድም። የደሴት ሰው ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ወደብ፣ አንድ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ አንድ የመብራት ጄኔሬተር ነው። ያ አንዱ ከተሰበረ ምን ይሆናል? ይህንን በአራት ቦታ ሰዎች ላይ ከደረሰው እንመለከታለን።

ውሃ እግር የሚያወጣው እንዴት ነው?

የምድር ገጽ አንድ ወጥ አይደለም። ተሰንጥቆ ሳይበተን እንደቀረ ምጣድ ነው። ስንጥቁ በየብስም ያልፋል፣ በባሕር ሥርም ያልፋል። ቁርጥራጮቹ እጅግ ትላልቅ ናቸው፤ አንዳንዱ አህጉር የሚያህል መሬት ተሸክሞ ይኖራል። ደግሞም አይቆሙም። የጣት ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት፣ በዓመት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳሉ። አንዳንዶቹ ይራራቃሉ፣ አንዳንዶቹ ይጋፋሉ፣ አንዱ ከሌላው ሥር የሚገባበትም ቦታ አለ።

የአገራችን ስምጥ ሸለቆ የሚራራቁበት ቦታ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ መንገድ ሲሰነጠቅ፣ ሰው ቤቱን ትቶ ሲወጣ የሰማነው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እዚያ ግን ባሕር የለም።

በኢንዶኔዥያ፣ ሱማትራ ከምትባለው ታላቅ ደሴት በስተምዕራብ፣ የባሕሩ ወለል ከሱማትራ ሥር ይገባል። ሲገባ ዝም ብሎ አይንሸራተትም፤ ይይዛል። የላይኛውን መሬት እየጎተተ ወደታች ይለምጠዋል። ሸንበቆ ስትለምጡ እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁን ጉልበት አስቡ። ምድርም እንደዚያ ለብዙ አሥር ዓመታት፣ አንዳንዴም ለመቶ ዓመታት ይለመጣል። አንድ ቀን ከያዘው ነገር ይላቀቅና ቀና ይላል። ያን ጊዜ መሬት ይንቀጠቀጣል። የባሕሩ ወለል ቀና ሲል ደግሞ በላዩ ያለውን ውሃ ሁሉ ያነሣዋል። ገበቴ ውሃ ሞልታችሁ ከሥሩ በጉልበታችሁ ብትመቱት ውሃው ወደ ዳር ዳር ይሮጣል። ሱናሚ የሚባለው ይህ ነው። ቃሉ የጃፓኖች ነው፤ በቋንቋቸው «የወደብ ማዕበል» ማለት ነው።

ነፋስ የሚያነሣው ማዕበል የውሃውን ገጽ ብቻ ያናውጣል። ሱናሚ ሲሆን ግን ከወለሉ እስከ ገጹ ያለው ውሃ በሙሉ ነው የሚሄደው። በጥልቁ ባሕር ላይ ከፍታው ትንሽ ስለሆነ ዓሣ አጥማጁ በጀልባው ሥር ሲያልፍ ላያውቀው ይችላል። ፍጥነቱ ግን የአውሮፕላን ያህል ነው። ወደ ዳር ሲቀርብ ጥልቀቱ ይቀንሳል። የፊተኛው ውሃ ይዘገያል፣ የኋለኛው ይደርስበታል፣ ውሃ በውሃ ላይ ይከመራል። አንዴ መጥቶም አያበቃም። ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል። አባታችን የጠየቁት እግር ይኸው ነው።

ሲሜሉ፦ ሰው የዳነበት ደሴት

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ በአገሩ አቆጣጠር 2 ሰዓት ላይ፣ ከሱማትራ በስተምዕራብ ያለው የባሕር ወለል ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ርዝመት ተላቀቀ። የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያው 9.1 አሳየ። በመለኪያ ከታወቁት ሁሉ ይህን የሚያህሉ ጥቂት ናቸው። የተነሣው ባሕር በብዙ አገሮች ከ220 ሺህ በላይ ሕዝብ ፈጀ። ከጎረቤታችን ከሶማሊያም ደርሶ በሐፉን የባሕር ዳር ሰው ገድሏል፣ ቤት አፍርሷል።

ከተናወጠው ስፍራ እጅግ ቅርብ ከሆኑት ደሴቶች አንዱ ሲሜሉ ይባላል። ከ70 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረበት። አብዛኛው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ነው። ሩዝ፣ ኮኮናትና ቅርንፉድ ያመርታል። ወደ ሰሜኑ ጫፍ ባሕሩ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። አሥር ደቂቃ እኮ በሬ ለመጥመድም አትበቃም። ታዲያ በዚህ ደሴት የሞተው ሰው 7 ብቻ ነው። ሰባት! እኛ መጀመሪያ ስናነበው የቁጥር ስሕተት መስሎን ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በ1899 ዓ.ም. በዚያው ደሴት ሌላ ሱናሚ መጥቶ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበር። የተረፉት ሰዎች ያዩትን ለልጆቻቸው ነገሩ። ልጆቹም ለልጆቻቸው። በሥራ ላይ በሚዜም ዜማ፣ ሕፃን በሚያስተኙበት እንጉርጉሮ፣ በእሳት ዳር ወግ ሳይቋረጥ ወረደ። ስሙንም በቋንቋቸው «ስሞንግ» አሉት። ትምህርቱ አጭር ናት፦ መሬት በኃይል ከተንቀጠቀጠና ባሕሩ ከዳር ወደኋላ ከሸሸ፣ ዕቃ ሳታነሣ ወደ ኮረብታ ሩጥ። ባሕር ሲሸሽ ዓሣ በባዶ አሸዋ ላይ ሲንፈራገጥ ይቀራል። በሌላ ቦታ ያንን ዓሣ ለመልቀም የወረዱ ሰዎች ነበሩ። የሲሜሉ ሰዎች ግን «ስሞንግ! ስሞንግ!» እየተባባሉ ሕፃኑን አዝለው፣ አሮጊቷን ደግፈው ወጡ። በደሴቱ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ መሣሪያ አልነበረም። መሣሪያቸው ከ98 ዓመት በፊት የተነገረች ወሬ ነበረች።

ከኮረብታው ሲወርዱስ ምን አገኙ? የደሴቱ መካከል ኮረብታና ጫካ ስለሆነ፣ መንደሩም መንገዱም ትምህርት ቤቱም ባሕሩን ተከትሎ ነበር የተሠራው። ባሕሩ መንደሮችን ጠርጎ ወስዷል። በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ደግሞ መሬቱ ራሱ ከአንድ ሜትር በላይ ወደላይ ተነሥቶ፣ ከባሕር በታች ይኖር የነበረው ድንጋያማ ወለል ከውሃ ወጥቶ በፀሐይ ይደርቅ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ለሲሜሉ ነዳጅ፣ መድኃኒትና የፋብሪካ ዕቃ የሚመጣው ማዶ ካለው ከሱማትራ ነው። የሱማትራ የባሕር ዳር ግን ከሲሜሉ የባሰ ተጎድቶ ነበር። ከባንዳ አቼ ከተማ ወደ መላቦህ የሚወስደው አውራ ጎዳና በብዙ ቦታ በባሕሩ ተበልቶ፣ ድልድዮቹ ተወስደው ነበር። የደሴቱ ወደብ ደኅና ቢሆን እንኳ የማዶው ከፈረሰ ከወዴት ይጫናል? በር ሁለት ወገን አለው። የአንዱ ወገን መቆም ብቻውን አይበቃም።

ኒያስ፦ ባሕሩ ትቶት የሄደ ወደብ

ከሲሜሉ ወደ ደቡብ ኒያስ የሚባል ሌላ ደሴት አለ። ከታኅሣሡ ጥፋት ሦስት ወር ሲሆነው፣ መጋቢት 19 ቀን 1997 ዓ.ም. ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ፣ የዚያው ስንጥቅ ቀጣይ ክፍል ተላቀቀ። መለኪያው 8.6 ነበር። በዚህ ጊዜ የተነሣው ባሕር ያን ያህል ትልቅ አልነበረም። ሰውን የገደለው ባሕር ሳይሆን ቤት ነው። በብዙ መቶ የሚቆጠር ሰው ተኝቶ ሳለ ጣሪያና ግድግዳ ወደቀበት።

የትኛው ቤት ነው የወደቀው? ጉኑንግሲቶሊ በምትባለው ዋና ከተማ የነበሩት፣ በሲሚንቶና በብሎኬት የተሠሩ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ሱቆች ተደረመሱ። በገጠር ያሉት የጥንት የእንጨት ቤቶች ግን አብዛኛዎቹ ቆመው አደሩ። የኒያስ አባቶች ቤታቸውን የሚያቆሙት በወፋፍራም ምሰሶ ላይ ነው። ምሰሶውን መሬት ቆፍረው አይቀብሩትም፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡታል። በምሰሶዎቹ መካከል ደግሞ ሌሎች እንጨቶችን አግድም ሳይሆን አጋድለው፣ እንደ ተከፈተ መቀስ ያስገቧቸዋል። እንጨቱን ከእንጨት የሚያያይዙት በሚስማር ሳይሆን እየቦረቦሩ በማጋጠም ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ቤቱ አብሮ ይወዛወዛል፣ ይንቋቋል፣ ግን አይሰበርም። ብሎኬት መወዛወዝ አይችልም። ይህን ስንል ሲሚንቶ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። በውስጡ በቂ ፌሮ ብረት ገብቶበት፣ ማዕዘኑ በደንብ ታስሮ የተሠራ የሲሚንቶ ቤት ይችላል። ግን ብረቱን ቀንሶ ሲሚንቶውን በአሸዋ ያበዛ ግንበኛ ሰውን ከጎጆ አውጥቶ ወደ መቃብር ያስገባል።

በፍርስራሽ ሥር የቀሩት ሰዎች ድምፅ ይሰማ ነበር። ሲሚንቶውን የሚያነሣ ከባድ መኪና ግን በደሴቱ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከማዶ በመርከብ መምጣት ነበረበት። ሰው በእጁና በዶማ ቆፈረ።

መንገዱስ? በኒያስ ብዙ ወንዞች አሉ፤ ብዙ ድልድይም አለ። ውሃ የጠጣ አሸዋ በኃይል ሲናወጥ እንደ ገንፎ ይላላል። ለጥቂት ደቂቃ መሬትነቱን ይተዋል። በላዩ ያለው ሁሉ ይሰምጣል ወይም ወደ ወንዙ ይንሸራተታል። ስለዚህ አንዳንዱ ድልድይ ራሱ ሳይወድቅ፣ ወደ እርሱ የሚያወጣው የአፈር ድልድል ግን ሰምጦ፣ መኪና ሊወጣበት የማይችል ደረጃ ሆኖ ቀረ። ከሩቅ ለሚያየው ድልድዩ ደኅና ነው። በሽተኛ የጫነ መኪና ግን አያልፍም። በከተማው ያለው ሆስፒታልም ተጎድቶ ነበር። ስለዚህ ቁስለኞች በሄሊኮፕተርና በመርከብ ወደ ማዶ ተወሰዱ። ይህም እንዲሁ የተገኘ አልነበረም፤ መጋቢት 24 ቀን ርዳታ ይዞ ወደ ኒያስ የመጣ አንድ የአውስትራሊያ ሄሊኮፕተር ወድቆ 9 ሰዎች ሞተውበታል።

አሁን ወደ ወደቡ እንምጣ። ቅድም ሸንበቆው ተለምጦ ቀና ይላል ብለናል። በዚያ ሌሊት የኒያስ ምዕራባዊ ዳር እስከ 3 ሜትር ገደማ ወደላይ ተነሣ። ሦስት ሜትር የጎጆ ጣሪያ ያህል ነው። በሰሜን በኩል ባለችው በላሄዋ፣ ሲነጋ ሰዎች ወደ ወደባቸው ሲወርዱ ባሕሩ ሸሽቷል። ወሬ የሚያውቅ ሰው «ሱናሚ ሊመጣ ነው» ብሎ ይፈራል። ይህ ግን ያ አልነበረም። ባሕሩ አልተመለሰም። ከፍ ያለው መሬቱ ነው። ጀልባ የሚታሰርበት መድረክ አልተሰበረም፤ ቆሟል። ግን በሥሩ የነበረው ውሃ የለም፤ ያለው የሞተ የባሕር ድንጋይና የሚሸት ዓሣ ነው። እንዲህ ያለውን ወደብ ጠጋኝ አያድነውም። መድረኩን ወደ አዲሱ የባሕር ዳር ማስረዘም ወይም ሌላ ቦታ እንደገና መሥራት ነው።

ሸንበቆ በአንድ ወገን ቀና ሲል በሌላው ወገን ዝቅ የሚል ክፍል አለው። በኒያስና በሱማትራ መካከል ባሉት የባንያክ ደሴቶች መሬቱ አንድ ሜትር ያህል ሰመጠ። በዚያ ደግሞ ባሕሩ ሳይነሣ መንደሩ ወደ ባሕር ወረደ። ውሃው በየዕለቱ ከፍ በሚልበት ሰዓት በቤቶች ውስጥ ይገባ ጀመር። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ መናወጥ፣ አንዱ ጎረቤት ባሕሩን አጥቶ አለቀሰ፤ ሌላው ባሕሩ በዝቶበት አለቀሰ።

ማልዲቭስ፦ ጨው የገባበት ጉድጓድ

ወደ ታኅሣሥ 17ቱ እንመለስ። ማዕበሉ በምዕራብ በኩል ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ማልዲቭስ ከምትባል አገር ደረሰ። ማልዲቭስ ከአንድ ሺህ በላይ ትናንሽ ደሴቶች ያሏት፣ ከእነዚህም ሁለት መቶ በሚሆኑት ሰው የሚኖርባት አገር ናት። ተራራ የላትም። ኮረብታም የላትም። አብዛኛው መሬቷ ከባሕሩ ገጽ ከ2 ሜትር አይበልጥም። «ወደ ኮረብታ ሩጥ» የሚለው የሲሜሉ ምክር እዚያ አይሠራም። ማዕበሉ በአንዳንድ ደሴቶች በአንዱ ዳር ገብቶ በሌላው ዳር ወጣ። ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ።

እዚህ ላይ መቆየት የምንፈልገው ስለ ውሃው ነው፤ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚያውቅ ገበሬ ከእኛ በላይ ይረዳዋልና። በእነዚያ ደሴቶች ወንዝ የለም፣ ምንጭ የለም። መሬቱ አሸዋ ነው። ዝናብ ሲዘንብ በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ይወርዳል። ከታች የሚያገኘው የባሕር ውሃ ነው። ጣፋጩ ውሃ ከጨዋማው ይቀላልና ዘይት በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ በላዩ ይንሳፈፋል። ልዩነቱ፣ ዘይትና ውሃ አይደባለቁም፤ እነዚህ ግን ከተናወጡ ይደባለቃሉ። የደሴቱ ሰው አንድ ሁለት ሜትር ቆፍሮ የሚቀዳው ይህችን ስስ ጣፋጭ ውሃ ነው።

ባሕሩ በላይ ሲያልፍ ጉድጓዶቹን ሞላቸው። አሸዋውም ጨው ጠጣ። የየቤቱ መጸዳጃ ጉድጓድ ተገንፍሎ ከዚያው ውሃ ጋር ተቀላቀለ። እንግዲህ «ጨዋማውን ውሃ ቀድቶ አውጥቶ መድፋት ነዋ» የሚል ይኖራል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልነው። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጉድጓዱን አብዝተው ሲቀዱት ከሥር ያለው የባሕር ውሃ ወደላይ ይሳባል፤ ይብስበታል። ያለው መድኃኒት ዝናብ መጠበቅ ነው። ዝናቡ ጨውን ቀስ እያለ፣ በወራትና በክረምቶች ቁጥር አጥቦ ያወርደዋል። እስከዚያ ሥራቸው በጨው የተቃጠለ የማንጎና የሙዝ ዛፎች ደርቀው ይታዩ ነበር።

ከጣሪያ የዝናብ ውሃ በጋን የሚያጠራቅሙ ቤቶች፣ ጋናቸው ካልተወሰደ፣ የሚጠጡት አላጡም። ለሌሎቹ በመርከብ ውሃ ተጫነላቸው፤ የባሕር ውሃን ጨው እየለየ ጣፋጭ የሚያደርግ መሣሪያም መጣላቸው። መሣሪያው ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራ። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከደሴቷ ጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተሩ በብዙ ደሴት ጨው ውሃ ገብቶበታል። ቢጠገንም ነዳጅ ይፈልጋል። ነዳጁ የሚመጣው በጀልባ ነው። ጀልባው የሚራገፍበት መድረክ ደግሞ ፈርሷል። እስቲ ይህን ሰንሰለት ወደኋላ ተመልከቱት። አንድ ሕፃን አንድ ኩባያ ውሃ እንዲጠጣ፣ ከመድረኩ ጀምሮ ያለው ሁሉ መቆም አለበት።

ካንዶሉዱ የምትባል ትንሽ ደሴት ነበረች። ሕዝቡ ተጨናንቆ የሚኖርባት፣ ቤት ከቤት የተጣበቀባት ነበረች። ባሕሩ ፈጽሞ አፈረሳት። መጠገን አልሆነም። ሕዝቧ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው፣ በሌሎች ደሴቶች በጊዜያዊ መጠለያ ተበትኖ አራት ዓመት ያህል ቆየ። በ2001 ዓ.ም. ዱቫፋሩ በምትባል፣ ቀድሞ ሰው በማይኖርባት ደሴት አዲስ መንደር ተሠርቶለት ገባ።

ቶንጋ፦ የተበጠሰው ክር

የመጨረሻው ከእኛ እጅግ ሩቅ ነው። ቶንጋ በታላቁ የሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ያለች የደሴቶች አገር ናት። መቶ ሺህ የሚሆን ሕዝብ አላት። በዚያ ባሕሩን ያነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም፤ ከባሕር ሥር የፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው። ይህን ለይተን መናገር ይገባናል። የሚመጣው ውሃ ግን ያው ሱናሚ ነው።

ጥር 7 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ እኛ ለጥምቀት ስንዘጋጅ፣ ያ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ማዕበሉ በአንዳንድ የባሕር ዳር እስከ 15 ሜትር እንደደረሰ የአገሩ መንግሥት አስታውቋል። ማንጎ በምትባለው ትንሽ ደሴት ያሉት ቤቶች በሙሉ ተወሰዱ። የሞተው ሰው ግን ጥቂት ነበር፤ ሕዝቡ ወደ ከፍታ መሸሽ ያውቃልና። ከዚያ በኋላ ዐመድ ወረደ። በማልዲቭስ ሰውን ያዳነው የጣሪያ ውሃ፣ በቶንጋ ጣሪያው ዐመድ ለብሶ ሳለ የሚጠጣ አልሆነም። የአውሮፕላን ማረፊያውም በዐመድ ተሸፈነ። ርዳታ የጫኑ አውሮፕላኖች ተዘጋጅተው ማረፍ ግን አልቻሉም። ሰዎች በአካፋና በእጅ ጋሪ ለቀናት ጠረጉት። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ያረፉት ጥር 12 ቀን ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ዝምታው ነበር። ቶንጋን ከዓለም ጋር የሚያገናኛት ከፊጂ ደሴቶች በባሕር ወለል ላይ የተዘረጋ አንድ ገመድ ነበር። ርዝመቱ 827 ኪሎ ሜትር ነው። በውስጡ ከፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች አሉ። የስልኩ ድምፅ፣ የባንኩ መልእክት፣ ሁሉም በብርሃን ተለውጦ በእነዚያ ክሮች ውስጥ ያልፋል። ፍንዳታው የባሕሩን ወለል አናውጦ ገመዱን በጠሰው። ደሴቶቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውም ሁለተኛ ገመድ ተበጠሰ። በሳተላይት የሚሠሩ ጥቂት ስልኮች ብቻ ቀሩ።

ብዙ የቶንጋ ቤተሰብ በኒውዚላንድ፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ ሠርቶ ገንዘብ የሚልክ ልጅ ወይም ወንድም አለው። እነዚያ ዘመዶች ከፍንዳታው በኋላ ስልክ ሲመቱ የሚመልስ ጠፋ። እናታቸው በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቁ ብዙዎቹ ቀናት አሳለፉ። ገንዘብ ልከው እንዳይረዱም የገንዘቡ መንገድ ያው ገመድ ነው። ሱቁ ቆሟል፣ ዕቃው አለ፣ ቤቱ ከነበረው ደኅና ነው፤ ግን የሚከፈለው ገንዘብ በባሕር ሥር ተበጥሶ ቀርቷል።

ገመድ የሚጠግን መርከብ ከሩቅ መጣ። ባሕሩን በመንጠቆ እየጎተተ የተበጠሱትን ጫፎች ፈልጎ አወጣ። ገመዱ በአንድ ቦታ ብቻ አልነበረም የተበጠሰው። ተቆራርጦ፣ የቀረውም በደለል ተቀብሮ ነበር። ብዙ አሥር ኪሎ ሜትር አዲስ ገመድ ተቀጠለለት። የካቲት 15 ቀን፣ በ38ኛው ቀን መሆኑ ነው፣ በዋናው ደሴት ስልኩ እንደ ቀድሞው ሠራ። ከዋናው ደሴት ወደ ሰሜን ደሴቶች የሚሄደው ሁለተኛው ገመድ ግን ተጠግኖ እስኪያልቅ ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቀ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሲሜሉ ሰዎች መሣሪያ ሳይኖራቸው እንዴት ዳኑ? በእናንተ አካባቢ ከአያት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ ስለ ጎርፍ ወይም ስለ መሬት መንሸራተት የሚነገር ነገር አለ?

2. የላሄዋ መድረክ ሳይፈርስ ለምን አላገለገለም?

3. የኒያስ የእንጨት ቤትና የእናንተ ቤት አሠራር በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያያል? ቤት መሥራት የሚያውቅ ሰው ይናገር።

4. በማልዲቭስ ጨው የገባበትን ጉድጓድ ቀድቶ መጨረስ ለምን አልበጀም?

5. በቀበሌያችን ካሉት አገልግሎቶች አንድ ብቻ የሆነው የቱ ነው? ወፍጮ ነው፣ ድልድይ ነው፣ የውሃ ቧንቧ ነው? እርሱ ቢሰበር ከእርሱ ጋር የሚቆሙትን ቆጥራችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።